አህያዋ ጎኗን የምታክባት መኪና

ተረት ልነግራችሁ ነው። ወንበር ያለው ወንበሩን ያስጠጋ፤ የሌለው ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጥ። ድንጋዩን ግን ከመኪና ጎማ ስር እንዳያነሳ። ምክንያቱን ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃም እንስሳም ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ዘመን፣ ዳገት ላይ በተሠራች ትንሽ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጌ ፒካፕ መኪና ነበረች። ዕቃ ዛሬም ይናገራል፤ ሰው ነው “ድምፅ አመጣች” ብሎ የሚያልፈው። የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ይርዳው ይባላል። ሥራው ሽንኩርት ከማሳ ወደ ገበያ ማመላለስ ነበር። ሚስቱ ብርቄ ትባላለች፤ የእሷ ሥራ የቀረው ሁሉ ነበር።

በመኪናዋ ሆድ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል። ኃይል የምታጠራቅመው እትዬ ባትሪ ነበረች። ኃይሏን ተሸክሞ የሚያደርሰው ወፍራሙ ሽቦ፣ ካቦ ነበር። ከሞተሩ በስተኋላ ደግሞ ከባዱ፣ ክቡ፣ ዙሪያቸውን በጥርስ የታጠሩት አባባ ቮላኖ ነበሩ። እሳቸው ካልዞሩ ሞተሩ አይዞርም፤ ሞተሩ ካልዞረ መኪናዋ አትሄድም። ከአባባ ቮላኖ ጎን፣ ጥግ ይዞ፣ ሞተሪኖ ይኖር ነበር። ይህ ተረት የእሱ ነው።

የሞተሪኖ ሥራ አጭር ነው። ጋሽ ይርዳው ቁልፉን ሲያዞር ከእንቅልፉ ይነቃል። ትንሿን ጥርሱን ወደፊት ይወረውራል። የአባባ ቮላኖን ጥርስ ይነክስና “ይነሱ አባባ!” ብሎ ያዞራቸዋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ጥርሱን ሰብስቦ ወደ ጥጉ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ የሚመሰገነው ሌላ ነው። “ሞተሯ ጎበዝ ነው!” ይላሉ። “ዳገቱን እንዴት እንደበላችው አያችሁ!” ይላሉ። የሞተሪኖ ስም የሚነሳው የታመመ ቀን ብቻ ነው።

እሱ ግን ቅር አይለውም ነበር። “የእኔ ሥራ ማስነሳት ነው፤ የተነሳው ዞሮ ካላየኝ፣ መንገዱን እያየ ነው ማለት ነው” ይል ነበር።

አንድ ማለዳ ጋሽ ይርዳው ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖም እንደ ልማዱ ጥርሱን ወረወረ። የሚይዘው ግን አጣ። ብረት በብረት ላይ ተፋጨ። ግርርርርጭ!

“ምን ነካህ?” አለ ጋሽ ይርዳው ደንግጦ።

“እኔ እንጃ ጋሼ። ነከስኩ፤ ግን አልያዘልኝም።”

“እስቲ ድገመው።”

ደገመው። ግርርርርጭ! የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ጮኹ።

አሁን ስለ ግቢው ጥቂት ልንገራችሁ። የመኪናዋ የእጅ ፍሬን ከሞተ ቆይቷል። ጋሽ ይርዳው ሊያሠራው ሁልጊዜ ያስባል፤ ማሰቡንም እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። እስከዚያው ግን ሲያቆማት ማርሽ ያስገባና ጎማዋ ስር ድንጋይ ያደርጋል። ድንጋዩ ጎማውን ልክ አይገጥመውም፤ በመካከላቸው መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል።

በግቢው ውስጥ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ዳለቻ ውኃ ታመላልሳለች፤ ከጭነት መልስ ጎኗን ይበላታል። የሚያክላት ሰው ስለሌለ ወደ መኪናዋ ጠጋ ትልና በኋላው ብረት ላይ ጎኗን ትፈትጋለች። አጥሩ ላይ ደግሞ አውራ ዶሮ ነበር። ስለ አውራ ዶሮው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ስለ ራሱ የሚቀረው ነገር የለም፣ ሁሉንም ይናገራል።

በዚያ ማለዳ ጋሽ ይርዳው ተናድዶ ከመኪናው ወረደ። ዳለቻ መጥታ ጎኗን ማከክ ጀመረች። መኪናዋም ትንሽ ወዝወዝ አለች። አውራ ዶሮው አጥሩ ላይ ቆሞ “ኩኩሉ!” አለ። ጋሽ ይርዳው ተመልሶ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ቅር ሳይላት ተነሳች።

“አያችሁ?” አለ አውራ ዶሮው ደረቱን ነፍቶ። “እኔ ስጮህ ፀሐይ ትወጣለች። ይቺ መኪና ከፀሐይ ትበልጣለች እንዴ?”

ጋሽ ይርዳው ወደ ቤት ገባና እፍኝ በቆሎ አምጥቶ በተነለት።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለች ብርቄ ከበሩ ላይ።

“መኪናዋን አስነስቶልኝ ነው።”

“ዶሮ መኪና ሲያስነሳ ያየሁት አንተ ቤት ነው!”

“ተነሳች አይደል?”

“ተነሳች።”

“ሲጮህ ነው አይደል የተነሳችው?”

“ሲጮህ ነው።”

“እና?”

“እናማ ምን እላለሁ! በቆሎው ግን የእኔ ነበር” አለች ብርቄ።

በማግስቱ ሞተሪኖ ተፋጨ፤ ዳለቻ አከከች፤ አውራ ዶሮው ጮኸ፤ መኪናዋ ተነሳች፤ በቆሎ ተበተነ። በሦስተኛውም ማለዳ ሞተሪኖ ተፋጨ፤ ዳለቻ አከከች፤ አውራ ዶሮው ጮኸ፤ መኪናዋ ተነሳች፤ በቆሎ ተበተነ። አውራ ዶሮው እየወፈረ ሄደ። ሞተሪኖ እየፈራ ሄደ። ስለ ዳለቻ ማንም ምንም አላለም።

በመጨረሻ ጋሽ ይርዳው መካኒኩን ጥጋቡን ጠራው። ጥጋቡ ክብሪት እንጨት እያኘከ የሚያስብ፣ አስቦ ሳይጨርስ እጁን የማያስገባ ሰው ነው። ከመኪናዋ ፊት ቆመና “በየተራ እንጠያየቅ” አለ።

መጀመሪያ እትዬ ባትሪን ጠየቃት። “እትዬ፣ ደክሞሽ ይሆን?”

“መብራቱን አብራውና ቁልፉን አዙር” አለች እትዬ ባትሪ። “እኔ ደክሞኝ ከሆነ መብራቱ ይሞታል።”

አበራው፤ አዞረው። ሞተሪኖ ተፋጨ። መብራቱ ግን እንደ ፀሐይ በርቶ ቀረ። “አንቺስ ደህና ነሽ” አለ ጥጋቡ።

ቀጥሎ ካቦን ጠየቀው። “አንተስ ኃይሉን በመንገድ ታስቀራለህ?”

“ጫፌ ላይ ነጭ ዱቄት አለ” አለ ካቦ አፍሮ። “ከታጠብኩ ቆይቻለሁ።”

ጥጋቡ በሙቅ ውኃ አጠበው፤ ፈገፈገው፤ አጠበቀው። ቁልፉ ዞረ። ግርርርርጭ! “ንጹሕ ሆነሃል” አለ ጥጋቡ፤ “ነገሩ ግን ያንተ አይደለም።”

በሦስተኛው ሞተሪኖን ፈትቶ አወጣው። መሬት ላይ አስተኝቶ፣ እንዳይዘል በእግሩ ረግጦ፣ ከእትዬ ባትሪ ጋር አገናኘው። ሞተሪኖ እያፏጨ ዞረ። ትንሿ ጥርሱም ፈጥና ወጣች፤ ፈጥና ገባች። ጥጋቡ እያንዳንዱን ጥርስ በጥፍሩ ዳሰሰ። “ይሄ ልጅ ምንም የለበትም” አለ።

ሞተሪኖ ደስ ብሎት ሊያለቅስ ደረሰ፤ የሚያለቅስበት ዘይት ግን አልነበረውም።

ጥጋቡ ሞተሪኖን መልሶ አሰረውና “አሁን ያላየሁት አንድ ቀርቷል” እያለ ተንበረከከ። ይህን ጊዜ ዳለቻ ከምንጭ ተመልሳ ጎኗን ማከክ ጀመረች። አውራ ዶሮው “ኩኩሉ!” አለ። ጋሽ ይርዳውም ትዕግሥት አጥቶ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ተነሳች።

“ተሻላት!” አለ ጋሽ ይርዳው።

“ቆይ እንጂ፣ አባባ ቮላኖን ሳላይ...”

“ሽንኩርቱ ይበሰብሳል ወንድሜ! ተነሳች እኮ!” ብሎ አቧራ አልብሶት ሄደ።

ጥጋቡ የክብሪት እንጨቱን ተፋና ወደ ቤቱ ሄደ። ያው እንደምታውቁት፣ የቆመች መኪና ለምን ቆመች ብሎ የሚጠይቅ ይበዛል፤ የተነሳችውን ግን ለምን ተነሳች ብሎ የሚጠይቃት የለም።

በማግስቱ ሞተሪኖ እንደገና ተፋጨ። አውራ ዶሮው መካኒኩን ሲያይ ሰግቶ ነበር፤ መኪናዋ ከዳነች በቆሎው እንደሚቀር ገብቶታል። ስለዚህ ወደ ጋሽ ይርዳው ጆሮ ተጠጋ።

“ጋሽ ይርዳው፣ እኔ ሰው ማማት አልወድም። ግን ማነው የሚጮኸው?”

“ሞተሪኖ ነው።”

“አባባ ቮላኖ ጮኸው ያውቃሉ?”

“እሳቸውማ ጨዋ ናቸው።”

“እንግዲህ! ጥፋተኛው የሚጮኸው ነው። ውጭ ሲያወጡት ቅዱስ ይመስላል፤ ውስጥ ሲገባ ሰይጣን ነው።”

“ጥፋተኛው የሚጮኸው ከሆነ አንተስ ምን ልትባል ነው?” አለች እትዬ ባትሪ ከሽፋኗ ስር። ካቦ ሳቀ። አውራ ዶሮው ግን አልሰማሁም አለ።

ጋሽ ይርዳው ሞተሪኖን በመፍቻ መታ መታ አደረገው። “ስማ። ቅዳሜ ቁራሌው በዚህ በኩል ያልፋል። እስከዚያ ጠባይህን ካላሳመርክ አሮጌ ብረት ብዬ እሰጥሃለሁ፤ በምትክህ ሌላ ሞተሪኖ አስገባለሁ።”

ሞተሪኖ ቁራሌው የወሰደው ዕቃ ምን እንደሚሆን ሰምቷል። ይቀልጣል፤ ድስት ይሆናል። ድስት መሆን ክፉ ነገር አይደለም። ሞተሪኖ ግን ሌላ ነገር መሆን አያውቅበትም ነበር።

ዓርብ ማለዳ ብርቄ እህል ጭናባት ዳለቻን ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። ጋሽ ይርዳው ቁልፉን አዞረ። ግርርርርጭ!

“ኧረ ጩህልኝ!” አለው አውራ ዶሮውን።

“ኩኩሉ!” አለ አውራ ዶሮው። ቁልፉ ዞረ። ግርርርርጭ!

“ጠንከር አድርገው እንጂ!”

“ኩኩሉ!” ዞረ። ግርርርርጭ!

“በቆሎ የምበትንልህ ለዚህ ነው?”

አውራ ዶሮው ክንፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱ እስኪቀላ ጮኸ። “ኩኩሉሉሉ!” ግርርርርጭ! መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ጋሽ ይርዳው ሽንኩርቱን በጎረቤት ጋሪ አስጭኖ እየተራገመ ሄደ። አውራ ዶሮውም “ዛሬ ደመና ስለሆነ ነው” ብሎ ከአጥሩ ወረደ።

ግቢው ጭር ሲል ሞተሪኖ ማሰብ ጀመረ። ከአንድ ቀን በላይ የሚያስብበት ጊዜ አልቀረውም።

“እትዬ፣ ዛሬ ምን ጎደለን?” አለ።

“እኔ አለሁ፤ ካቦ አለ፤ አውራ ዶሮው አለ” አለች እትዬ ባትሪ። “ዳለቻ ብቻ የለችም።”

“ዳለቻ ስትኖር ምን ታደርጋለች?”

“ምን ታደርጋለች! ጎኗን ታካለች።”

“ስታክ ምን ይሆናል?”

“መኪናዋ እስከ ድንጋዩ ድረስ ወዝወዝ ትላለች።”

“ማርሽ ገብቶ መኪናዋ ወዝወዝ ስትልስ፣ ማን ነው አብሮ የሚዞረው?”

  ሁሉም ቀስ ብለው ወደ አባባ ቮላኖ ዞሩ።

አባባ ቮላኖ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ምን ታፈጣላችሁ?”

“አባባ፣ ጥርስዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?” አለ ሞተሪኖ።

“ሽማግሌን ጥርስህን አሳየኝ ይባላል? እንዲህ ነው ያሳደግንህ?”

“ይቅርታ አባባ። ግን ነገ ቁራሌው ይመጣል።”

 አባባ ቮላኖ ከባድ ስለሆኑ ሐሳባቸውንም ቀስ ብለው አዞሩት። በመጨረሻ “ቁራሌው አንተን ከሚወስድህ የእኔ ውርደት ይሻላል” አሉና ጥርሳቸውን አሳዩት።

ከፊቱ የቆሙት ጥርሶች ተሸራርፈው፣ ጫፋቸው አልቆ፣ ድድ ሊመስሉ ደርሰው ነበር። ከወዲያ በኩል ያሉት ግን ገና ከፋብሪካ እንደወጡ ያብረቀርቃሉ።

“እኛ ጤነኞች ነን!” አሉ የሚያብረቀርቁት በአንድ ድምፅ። “ማንም ነክቶን አያውቅም! የሚጮኸው ነገር ከምን እንደመጣ አናውቅም!”

“እነሱ እንደዚያ ሆነው እናንተ ስለምን እንዲህ ሆናችሁ?” አለ ሞተሪኖ ያለቁትን።

ካለቁት ጥርሶች አንዱ መለሰ። “ሞተሩ ሲጠፋ ደክሞ የሚያርፈው ሁልጊዜ እዚሁ ቦታ ላይ ነው። በማግስቱ ማለዳ አንተ ስትመጣ ከፊትህ የምታገኘው እኛን ነው። በክረምት ብርድ የነከስከው እኛን ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ሽንኩርት ጭና ስትቆም የነከስከው እኛን ነው። ያቺ ዳለቻ ስታክ አባባ ትንሽ ይዞሩና ደህና ጥርስ ይደርስሃል፤ ያኔ ትይዛለህ። ካላከከች እኛን ታገኛለህ፤ እኛ ደግሞ የምንያዝበት አልቀረንም።”

“ለምን ዝም አላችሁ?”

“አባባን ሰው እንዳይስቅባቸው ብለን ነው።”

“እኔም አፍሬ ነው” አሉ አባባ ቮላኖ ዝቅ ባለ ድምፅ። “አንተ ስትጮህ ሁሉም አንተን አየ። እኔን የሚያይ ስለሌለ ተመቸኝ። ይቅር በለኝ ልጄ።”

ሞተሪኖ ይቅር ለማለት አልቸኮለም። ያለቁትን ጥርሶች እያየ ነበር። እሱ የተነሳው ዞሮ አያየኝም እያለ ሲያስብ፣ እሱ ራሱ የነከሰውን ዞሮ አይቶ አያውቅም ነበር። ያ ሁሉ ማለዳ፣ ያ ሁሉ ዳገት፣ የያዙት እነዚህ ነበሩ።

“እግዜር ይስጥልኝ” አላቸው። “ቁራሌው ቢወስደኝም ባይወስደኝም፣ ይህን ሳልላችሁ መቅረት አልነበረብኝም።” ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ “እርስዎንም ይቅር ብያለሁ አባባ” አለ።

 ያለቁት ጥርሶች እንዲህ ያለ ነገር ተብለው አያውቁም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ከዳገቱ ስር “ቁራሌው! ቁራሌው!” የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ይርዳው መፍቻውን ይዞ መጣ።

“ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ሞክረኝና ከዚያ ስጠኝ” አለ ሞተሪኖ።

“እንዴት አድርጌ?”

“መጀመሪያ አውራ ዶሮው ብቻውን ይጩህ፤ ዳለቻን እሰራት።”

ዳለቻ ታሰረች። አውራ ዶሮው “ኩኩሉ!” አለ። ግርርርርጭ!

“አሁን ዳለቻን ፍታት፤ አውራ ዶሮው ዝም ይበል።”

አውራ ዶሮው ዝም ማለት ሕመም ሆነበት፤ ብርቄ መንቁሩን ያዘችለት። ዳለቻ ጎኗን አከከች። መኪናዋ ወዝወዝ አለች። ቁልፉ ዞረ። ተነሳች!

“አሁን ደግሞ አጥፋትና ሁለቱንም ተዋቸው። እንቢ ካለች አንተው በእጅህ ገፋ አድርጋት።”

“ቁራሌው! ቁራሌው!” ድምፁ በሩ ላይ ደርሷል። ጋሽ ይርዳው ከድንጋዩ ትንሽ አርቆ አጠፋት፤ ማርሽ አስገባ፤ ቁልፉን አዞረ። ግርርርርጭ! ወረደና እስከ ድንጋዩ ድረስ በመዳፉ ገፋ አደረጋት። ተመልሶ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች።

 ጋሽ ይርዳው ዞሮ አህያዋን አየ፤ አውራ ዶሮውን አየ፤ መፍቻውን አየ።

“በቆሎዬን!” አለች ብርቄ።

ቁራሌው አንገቱን ወደ ግቢው አስገባ። “የሚጣል ነገር አለ?”

“ልጥል ነበር ወንድሜ” አለ ጋሽ ይርዳው። “ዛሬ ግን የሚጣል የለም።”

ጥጋቡ ተጠራ፤ “ያን ጊዜ ቆይ ብዬህ ነበር” አላለም፤ አዲስ የክብሪት እንጨት አፉ ውስጥ አደረገ እንጂ። የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን አወረደ፤ አባባ ቮላኖን አወጣ። በዙሪያቸው ያለው ጥርሳም ቀለበት እንደ ቀበቶ የሚወልቅ ነው። ከሰል አቀጣጠለና ቀለበቱን አጋለው። ብረት ሲግል ይሰፋል፤ ቀለበቱ ላላ።

“አውጥተህ ልትጥላቸው ነው?” አለ ሞተሪኖ ደንግጦ።

“አልጥላቸውም” አለ ጥጋቡ። “ቦታ አቀያይራቸዋለሁ። የደከሙት ወደማይመቱበት ይሂዱ፤ ያልሠሩት ወደዚህ ይምጡ።” ቀለበቱን ሩብ ዙር አዙሮ መልሶ አጠለቀው። ሲቀዘቅዝ አባባ ቮላኖን ጥብቅ አድርጎ ያዛቸው።

በማግስቱ ማለዳ ቁልፉ ዞረ። ሞተሪኖ ነከሰ። ያዘ። መኪናዋ ያለ ዶሮ፣ ያለ አህያ፣ ያለ ጩኸት ተነሳች።

“አይ! አመመን!” አሉ የሚያብረቀርቁት ጥርሶች።

“ትለምዱታላችሁ” አሉ ያለቁት ከማረፊያቸው። “እኛም ለምደነው ነበር።”

“እግዜር ይስጥልኝ” አላቸው ሞተሪኖ አዲሶቹን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነክሶ ወደ ጥጉ ሲመለስ ይህን ሳይል ተመልሶ አያውቅም።

ጋሽ ይርዳውም ሞተሪኖን በጨርቅ ወለወለው፤ መታ ያደረገበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ወለወለው። ለዳለቻ ከመኪናዋ የኋላ ብረት ላይ ሻካራ ጆንያ ጠቅልሎ አሰረላት፤ ጎኗን ስታክ እንዲመቻት። አውራ ዶሮው አጥሩ ስር አንገቱን ደፍቶ ሲቆም አየውና ለእሱም ጥቂት በቆሎ ወረወረለት።

“ለእሱ ደግሞ ለምኑ ነው?” አለች ብርቄ።

“ስለሚቀሰቅሰን። ፀሐይዋንስ ያወጣት እሱ እንደሆነ ማን ያውቃል?”

ብርቄ ሳቀች፤ ራሷም ጥቂት ፍሬ ጨመረችለት። የእጅ ፍሬኑን ጋሽ ይርዳው እስከ ዛሬ እያሰበበት ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ነገራችሁ ያለ ችግር ሲነሳ “ተነሳ” ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ማን እንዳስነሳው፣ ማን ጥርሱን እንደጨረሰበት ጠይቁ። አገኛችሁት እንደሆነም፣ ቁራሌው በሩ ላይ ሳይደርስ አመስግኑት።

ተረቴን እዚህ ጋ አቁሜያታለሁ። ማርሽ አስገብቻለሁ፤ ጎማዋ ስር ድንጋይ አድርጌያለሁ። ሊያስነሳት የፈለገ ትንሽ ገፋ ያድርጋት።